የሕዝብን ቤት የሚመራ ሰው ምን ይጠበቅበታል?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የጉባኤው አዘጋጆች «በመንግሥት ቤቶች አስተዳደር ብዙ ዓመት ሠርተዋልና ከልምድዎ ያካፍሉን» ሲሉኝ መጀመሪያ አንገራግሬ ነበር። ስለ ቁጠባ ወይም ስለ ጤና ቢሆን ሰው ይሰማል፤ ስለ ጣሪያና ስለ ሽንት ቤት አስተዳደር ማን ጆሮውን ይሰጣል ብዬ ነው። በኋላ የዛሬውን አጀንዳ አየሁት። ከምሳ በኋላ የምንወያይበት አምስተኛው ነጥብ ለሕፃናት ማቆያችን አንድ ተጨማሪ ክፍል ስለ መሥራት ነው። እንግዲያው ጉዳዩ የራሳችን ነው ብዬ መጣሁ። የምናገረው ስለ መንግሥት ሕንፃዎች አመራር ቢሆንም መጨረሻው ወደዚህ አዳራሽ ይመለሳልና ታገሡኝ።

ከምናውቀው ልጀምር። ሁላችንም እድር አለን። በየእድራችንም ንብረት ያዥ አለች። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ሰሃኑ፣ ብርጭቆው፣ ትልልቁ ድስት በእሷ እጅ ነው። ጥሩ ንብረት ያዥ ሦስት ነገር ታደርጋለች። አንደኛ፣ ትቆጥራለች፤ ዕቃው ከለቅሶ ቤት ሲመለስ ስንት ሄዶ ስንት እንደተመለሰ ታውቃለች። ሁለተኛ፣ ታስጠግናለች፤ የድንኳኑ ስፌት የላላ እንደሆነ ክረምት ሳይገባ ታሰፋዋለች። ሦስተኛ፣ ዕቃው ለማን እንደተገዛ አትረሳም፤ ሰው በእኩለ ሌሊት ቢያርፍ ቁልፉ የት እንዳለ ይታወቃል፣ ሐዘንተኛ ደጅ አይጠናም።

እኔ ሥራውን ስጀምር ቤት ለቤት እየዞርኩ የምመዘግብ ሠራተኛ ነበርኩ። ስጨርስ በአንድ ክፍለ ከተማ የቤቶች አስተዳደር ምክትል ኃላፊ ሆኜ ነው። በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሥራው ከእድር ንብረት ያዥ ሥራ በዓይነቱ አይለይም፤ በብዛቱ ብቻ ይለያል። መቁጠር፣ መጠገን፣ ለማን እንደሆነ አለመርሳት። እኔ ሦስቱንም ማድረግ የተሳነኝ ጊዜ ነበር። ዛሬ የምነግራችሁም እሱን ነው።

አስቀድሜ ግን ለወጣቶቹ አባላት መንግሥት እንዴት የዚህን ያህል ቤት ባለቤት እንደሆነ በአጭሩ ላስታውስ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ይህ ሁለተኛው መሥሪያ ቤት ስሙ እየተለዋወጠ መጥቶ ዛሬ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ሆኗል። አዋጁ በወጣበት ጊዜ ኪራይ ተቀነሰ፤ ብዙ ደሃ ቤተሰብም እፎይ አለ። ይህ መካድ የለበትም። በዚያ ኪራይ ልጆቿን አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ ያበቃች እናት እዚህም መካከላችን አለች።

ይሁን እንጂ አከራይ መሆን ኪራይ መሰብሰብ ብቻ አይደለም፤ ጣሪያ መጠገንም ነው። የቀበሌ ቤት ኪራይ ለአሥርት ዓመታት ሳይነካ ቆየ። የአንድ ዓመት ኪራዩ ተጠራቅሞ አንድ ቆርቆሮ የማይገዛ ቤት በእኔ መዝገብ ላይ ነበር። ተከራይዋ «በራሴ ወጪ ልጠግነው» ብትል ደግሞ ፈቃድ መጠየቅ አለባት፤ ፈቃድ ሳትይዝ ግድግዳ ብትነካ ሕገወጥ ግንባታ ተብሎ ትጠየቃለች። አከራዩ አይጠግንም፣ ተከራይዋም እንድትጠግን አይፈቀድላትም፤ ቤቱ በሁለቱ መካከል ያረጃል። በነዚህ ቤቶች ውስጥ ያረጁት አብዛኞቹ ደግሞ ብቻቸውን የቀሩ ሴቶች እንደሆኑ ቤት ለቤት ስዞር በዓይኔ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ።

ምክትል ኃላፊ ሆኜ በተሾምኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ማመልከቻ ጠረጴዛዬ ላይ ደረሰ። አሥራ አንድ አባወራና እማወራ በአንድ ግቢ የሚጠቀሙበት የጋራ ሽንት ቤት ነው። ወለሉ በእንጨት ላይ የተጣለ ሲሚንቶ ነበር፤ እንጨቱ በስብሷል ይላል ደብዳቤው። ጥቅምት ላይ ነው የገባው። «ተገቢው ይደረግ» ብዬ መራሁት። ማን ያድርገው፣ እስከ መቼ ያድርገው፣ አልጻፍኩም። ታኅሣሥ ላይ ሁለተኛ ደብዳቤ መጣ። «በጀት ሲፈቀድ ይታይ» ብዬ መራሁ። ሚያዝያ ላይ ሦስተኛው መጣ። «ለሚቀጥለው በጀት ዓመት ይያዝ» አልኩ። ሦስቱም ላይ ፊርማዬ አለ።

ሰኔ ገባ። የፋይናንስ ክፍሉ ሥራ ላይ ያልዋለ ገንዘብ ስላለ ሰኔ 30 ሳይደርስ ካልተጠቀምንበት ተመላሽ እንደሚሆን አሳወቀን። ሁላችሁም እንደምታውቁት ሰኔ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የጥድፊያ ወር ነው። በጥድፊያ የሚገዛው በጥድፊያ የሚገኘው ነው፤ ወንበር፣ መደርደሪያ፣ መጋረጃ። የጥገና ሥራ ጥናት ይፈልጋል፣ ጨረታ ይፈልጋል፣ ለሰኔ አይደርስም። እኛም ለቢሮው መጋረጃና ወንበር ገዛን። አልተሰረቀም፣ ደረሰኙ የተሟላ ነው፣ ኦዲተርም መጥቶ ምንም አላለንም። የመጋረጃው ዋጋ ብቻ ያንን ወለል ሁለት ጊዜ ያሠራ ነበር።

ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ በበረታበት ሌሊት፣ ወለሉ ተደረመሰ። ማመልከቻው ላይ በመጀመሪያ የፈረሙት እናት ነበሩ ሌሊት የወጡት። ጎረቤት ጩኸታቸውን ሰምቶ ደረሰላቸው፤ እስከ ወገባቸው ገብተው ነበር። ሕይወታቸው ተረፈ፣ ዳሌያቸው ግን ተሰበረ።

ሐኪም ቤት ሄጄ ጠየቅኋቸው። ከጎረቤቶቻቸው አንዷ «እማማ፣ ከቤቶች አስተዳደር ኃላፊዋ መጥተዋል» አለቻቸው። ቀና ብለው አዩኝና «አንቺ ነሽ እንዴ ልጄ፣ የምትፈርሚው? እኔ ወንድ መስሎኝ ነበር» አሉኝ። ትንሽ ቆይተው «ሴት ብትሆን ሌሊት ሽንት ቤት መውጣት ምን እንደሆነ ታውቅ ነበር እያልኩ» አሉ። በቁጣ አልነበረም የተናገሩት። እንደው የተገረሙ ይመስሉ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለ ምርኩዝ አልሄዱም።

እህቶቼ፣ ይህን ለምን ነገርኳችሁ? ብዙ ጊዜ «ሴቶች ወደ አመራር ይምጡ» እንላለን። እኔም እላለሁ። ነገር ግን ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ሴት ስለሆነች ብቻ ወለሉ አይጠገንም። እኔ ሴት ነበርኩ። ክፉም አልነበርኩም፣ ሌባም አልነበርኩም። የጎደለኝ አሠራር ነው። ከዚያ በኋላ በቀረኝ የሥራ ዘመን የለፋሁት ያንን አሠራር ለማስተካከል ነው፤ የተማርኩትን በአምስት ነጥብ ላቅርብላችሁ።

አንደኛው የዘመን አቆጣጠር ጉዳይ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው። ሐምሌ ደግሞ ክረምት ነው። አዲስ በጀት ሲመጣ ጣሪያው እየፈሰሰ ነው፣ ግን በዝናብ ጣሪያ አይከፈትም። ግዥው ተጀምሮ እስኪያልቅ በጋው ይጋመሳል። ሳይሠራ ከቀረ ሰኔ ይደርሳል፣ ገንዘቡ ወደ መጋረጃ ይሄዳል። ይህን የሚያውቅ ኃላፊ ሥራውን ከዝናቡ ጋር ያስማማል። መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ የውኃው ምልክት ግድግዳው ላይ ሳይጠፋ፣ ቤቶቹን ዞሮ ያያል። ኅዳር ላይ ዝርዝሩንና የጨረታ ሰነዱን ያዘጋጃል። ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ያሠራል። ግንቦት ላይ አሸንዳውንና የውኃ መውረጃውን ያስጠርጋል። አበው «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ያሉት ለዚህም ይሠራል። እኛ ይህን ቀን መቁጠሪያ ግድግዳ ላይ ከሰቀልን በኋላ ገንዘቡ አልጨመረም፤ የተጠገኑት ቤቶች ግን ጨመሩ።

ሁለተኛው መዝገብ ነው። የእኛ መዝገብ የቤት ቁጥር፣ የተከራይ ስምና የኪራይ ልክ ይዞ ነበር። ቤቱ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ አልያዘም። ከአደጋው በኋላ አንድ ዓምድ ጨመርን፤ «ደህና»፣ «ጥገና የሚሻ»፣ «ለሕይወት የሚያሰጋ» የሚል። ለሕይወት የሚያሰጋ የተባለ ቤት ከመጋረጃም ከወንበርም ይቀድማል፤ ይህን ለመወሰን ጥናት አያሻም። መቁጠር ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። በሀብታም አገርም አስቸግሯል። አሜሪካኖች የመንግሥት ሕንፃዎቻቸውን በአንድነት የሚያስተዳድር መሥሪያ ቤት ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2003 ለኮንግረሱ የሚሠራው የኦዲት መሥሪያ ቤታቸው የፌዴራል ሕንፃዎችን አስተዳደር ከፍተኛ ሥጋት ካለባቸው የመንግሥት ሥራዎች ተርታ አስገባው። ከምክንያቶቹ መካከል የማይፈለጉ ሕንፃዎች መከማቸት፣ የጥገና መጓተትና መረጃው የማይታመን መሆኑ ይገኙበታል።

ሦስተኛው ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፤ ተጠያቂው በስም ይታወቅ። ከዚያ የኦዲት ሪፖርት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2004፣ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ በሰጡት ትእዛዝ ዋና ዋናዎቹ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች እያንዳንዳቸው አንድ ከፍተኛ የንብረት ኃላፊ እንዲሰይሙ ተደረገ። ችግሩ በዚያ ብቻ አልተፈታም። ሐሳቡ ግን ለእኔ ትልቅ ትምህርት ነው። «ተገቢው ይደረግ» የሚለው የእኔ ምሪት ማንንም አይጠይቅም ነበር። በኋላ ላይ ግን ምሪቴ «አቶ እገሌ እስከ ኅዳር 15 ቦታው ድረስ ሄደው አይተው በጽሑፍ ያቅርቡልኝ» የሚል ሆነ። የጋራ የሆነ ነገር በስም ካልተሰጠ የማንም ይሆናል።

አራተኛው ገንዘብ ነው። ሕንፃ ሲሠራ ሪባን ይቆረጣል፣ ካሜራ ይመጣል፣ ስም በእብነ በረድ ላይ ይቀረጻል። ጣሪያው ስላላፈሰሰ ግን ማንም ሪባን ቆርጦ አያውቅም። እኛ በየሩብ ዓመቱ የምንልከው ሪፖርት የተሠራውንና የተገዛውን ይጠይቃል፤ ያልፈረሰውን አይጠይቅም። ስለዚህ ኃላፊ ሁሉ አዲስ ነገር መሥራት ይወዳል። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው ጥናት፣ ሕንፃን ዛሬ እንደገና ለመሥራት ከሚያስፈልገው ገንዘብ ከ2 እስከ 4 በመቶ የሚሆነው በየዓመቱ ለመደበኛ ጥገና ቢመደብ ይበጃል ብሎ መክሯል። ዛሬ በ10 ሚሊዮን ብር የሚሠራ ጤና ጣቢያ ቢሆን በየዓመቱ ከ200 ሺህ እስከ 400 ሺህ ብር ይፈልጋል ማለት ነው። የመሠረት ድንጋይ የሚጥል ሁሉ ይህን ቁጥር በዚያው ቀን መናገር ነበረበት። ካልተመደበ ወጪው አይቀርም፤ ተጠራቅሞ በአንድ ሌሊት ይመጣል። የሚከፍለውም ብዙ ጊዜ ባለሥልጣኑ ሳይሆን ተጠቃሚው ነው።

አምስተኛው ከተጠቃሚው ጋር መገናኘት ነው። እዚህ ላይ የአንዲት ሴት ታሪክ ልንገራችሁ፤ እኔም ያወቅኋት በአንድ የሥራ ላይ ሥልጠና ነው። ኦክታቪያ ሂል ትባላለች፣ እንግሊዛዊት ናት። እ.ኤ.አ. በ1865 ጆን ራስኪን የተባለው ጸሐፊ ለንደን ውስጥ ሜሪልቦን በሚባል ሰፈር፣ ደሃ የሚኖርባቸውን የፈራረሱ ሦስት ቤቶች ገዛና አስተዳድሪያቸው ብሎ ሰጣት። ላወጣው ገንዘብ በዓመት 5 በመቶ እንዲመለስለት ነበር የሚፈልገው። እሷ ኪራዩን በወኪል አላስሰበሰበችም። በየሳምንቱ ራሷ እየሄደች ትሰበስብ ነበር። ኪራይ ልትቀበል ስትገባ የሚያፈሰውን ጣሪያ፣ የተሰበረውን ደረጃ፣ የታመመውን ሕፃን ታያለች። ለእያንዳንዱ ቤት በዓመት የተወሰነ የጥገና ገንዘብ ትመድባለች። ተከራዮቹ ቤቱን ተንከባክበው ከዚያ ገንዘብ ቢተርፍ ትርፉ እነሱ ራሳቸው ለመረጡት ማሻሻያ ይውላል። ሥራው ሲሰፋ ሌሎች ሴቶችን አሠለጠነች። የቤት አስተዳደር ሙያ ነው፣ ሴትም ልትይዘው ትችላለች የሚለው ሐሳብ ከእሷና ከተማሪዎቿ ብዙ ጉልበት አግኝቷል።

ሙሉ ቅድስት አድርጌ እንዳላቀርባት ደግሞ ይህን ልጨምር። ኪራይ ያልከፈለን ታስወጣ ነበር፤ መንግሥት ራሱ ቤት ሠርቶ ማከራየቱን አትደግፍም ነበር፤ ሴቶች ድምፅ የመስጠት መብት እንዲያገኙም ተቃውማለች። በዚህ አልከተላትም። በየሳምንቱ ደጅ መርገጧን ግን እከተላለሁ። እኔ ሦስት ደብዳቤ አንብቤ ያልገባኝ ነገር አንድ ቀን ያንን ሽንት ቤት ብረግጠው ኖሮ ይገባኝ ነበር።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ኃላፊዎች ነው። አሁን እናንተ ምን ማድረግ ትችላላችሁ ወደሚለው ልሂድ።

መጀመሪያ ሕጉን እንወቅ። የሕዝብ አገልግሎት የሚሰጥ ሕንፃ አካል ጉዳተኞች የሚገቡበት መንገድና የሚጠቀሙበት መጸዳጃ እንዲኖረው የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ይጠይቃል። አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ደግሞ የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤቶች እናት ሠራተኞች ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር። የኛ ማቆያ ሲመሠረት «ቅንጦት ነው» ያሉን ሰዎች ነበሩ። ቅንጦት አይደለም። ሕንፃ ለማን እንደሆነ ማስታወስ ነው። ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ለጉዳይ ስትሄዱ ሊፍቱን፣ መወጣጫውን፣ የሴቶቹን መጸዳጃ እዩ። ውኃ አለው? በሩ ይዘጋል? ቁልፉ በጸሐፊዋ መሳቢያ ውስጥ ነው ወይስ ለባለጉዳይ ክፍት ነው? የአንድን ኃላፊ ሥራ ከቢሮው ይልቅ ከመጸዳጃ ቤቱ ማወቅ ይቻላል።

ቀጥሎ ማመልከቻ አጻጻፍ እንወቅ። ጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ተቀምጬ ስለነበር ምን ዓይነት ማመልከቻ በቀላሉ እንደሚገፋ አውቃለሁ። «ችግራችን ታይቶ መፍትሔ ይሰጠን» የሚል ማመልከቻ በቀላሉ ይገፋል። የማይገፋው እንዲህ ያለው ነው፦ የቤቱን ቁጥር ይይዛል፤ የተጠቃሚውን ብዛት፣ ከነሱም ውስጥ ሕፃናት፣ አረጋውያንና ነፍሰ ጡሮች ስንት እንደሆኑ ይገልጻል፤ የተበላሸው ምን እንደሆነ ለይቶ ይናገራል፤ ፎቶግራፍ ተያይዞበታል፤ የሰፈር ግንበኛ የገመተው ዋጋ አለበት፤ ካልተሠራ ምን ሊደርስ እንደሚችል ይገልጻል። መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥርና ቀን ተመቶበታል፤ አንድ ቅጂ በእጃችሁ ቀርቷል፤ ግልባጭም ለሚመለከተው የበላይ አካል ሄዷል። ለሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ ይህንኑ በመጀመሪያው መስመር ላይ ጻፉት።

ወሩንም ምረጡ። ለሚቀጥለው ዓመት የበጀት ጥያቄ የሚሰናዳው በጥርና በየካቲት አካባቢ ነው። ሐምሌ ላይ የሚመጣ እሮሮ ኃላፊውን ያሳዝነዋል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የሚገባ ማመልከቻ ግን ዕቅድ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ብቻችሁንም አትሂዱ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነው። አሥራ አንዱ እማወራና አባወራ ተያይዘው ቢሮዬ በር ላይ ቢቆሙ ኖሮ «ለሚቀጥለው በጀት ዓመት» ለማለት አልደፍርም ነበር።

ሦስተኛው ነገር፣ ብዙዎቻችሁ ዛሬ ራሳችሁ የሕንፃ አስተዳዳሪዎች ሆናችኋል። በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ 30 በመቶው ለሴቶች ስለሚለይ ከመካከላችን ዕጣ የደረሳቸው አሉ። ዕጣው የሚሰጠው ግን የቤቱን ውስጥ ብቻ አይደለም። ደረጃው፣ ጣሪያው፣ የውኃ ታንከሩ፣ የፍሳሽ መስመሩ የጋራ ነው፤ የሚያስተዳድረውም በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የሚቋቋመው የቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው። እዚህ ማኅበር ስብሰባ ሲጠራ «ባሌ ይሄዳል» ወይም «እንጀራ እየጋገርኩ ነው» አትበሉ። ሂዱ፤ ተመረጡ፤ ሒሳቡን ጠይቁ። የፍሳሹ ጉድጓድ ሞልቶ ምድር ቤት ሲፈስ የሚጠርገው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ የመምጠጫ መኪና የሚጠራበትን ቀን ሲወስኑም እዚያ መገኘት አለብን።

አሁን ወደ አምስተኛው አጀንዳ እመለሳለሁ። አስቀድሜ እንዳልኩት መጨረሻው ወደዚህ አዳራሽ ነው።

የሕፃናት ማቆያችን ያለው ወረዳው በውሰት በሰጠን አሮጌ የመንግሥት ቤት ውስጥ ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ አንዲት የማቆያው ሠራተኛን ይዤ ዞሬ አየሁት። ከኋላ ያለው አሸንዳ ወልቋል። ውኃው በግድግዳው ላይ ይወርዳል፤ ልጆቹ በሚተኙበት ክፍል በኩል ጭቃው መላላት ጀምሯል። የልጆቹ መጸዳጃ ወለል አንድ ጥግ ላይ ተሰንጥቋል። እግሬን አሳርፌ ሞከርኩት፤ ይበልጥ መጫን ግን አልደፈርኩም። የዛሬው ረቂቅ በጀት ለአዲስ ክፍል ገንዘብ ይዟል። ለጥገና የያዘው መስመር የለውም።

ረቂቁን ያዘጋጁትን እህቶቼን አልወቅስም። የተጠባባቂው ዝርዝር ረጅም እንደሆነ፣ በር ላይ ልጃቸውን አዝለው የሚመለሱ እናቶች እንዳሉ አውቃለሁ። እነዚያን እናቶች «ቆዩ» ማለት ከባድ ነው። ሆኖም የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ አዲሱ ክፍል በአንድ ዓመት ይቆይ። ከያዝነው ገንዘብ አስቀድመን አሸንዳውን፣ ግድግዳውንና የመጸዳጃውን ወለል ክረምት ሳይገባ እናሠራ። ከተረፈውም ላይ የጥገና ሒሳብ በተለየ ደብተር እንክፈትና በየዓመቱ የተወሰነ ገንዘብ እንጨምርበት። አንዲት አባል በስም ተጠያቂ ትሁን፤ መስከረምና ግንቦት ላይ ሕንፃውን ዞራ ለሥራ አመራር ኮሚቴው በጽሑፍ ታቅርብ። ቤቱ የእኛ ስላልሆነም ከወረዳው ጋር ማን ምን እንደሚጠግን የሚገልጽ ውል እንፈራረም። የጥገና ፈቃዱንም በጽሑፍ እንያዝ።

ለጋሾቻችንም አንድ ቃል ልናገር። ስለ ልግስናችሁ እግዚአብሔር ይስጥልን። አዲስ ክፍል ስንሠራ በሩ ላይ ስማችሁን መጻፍ እንችላለን፤ በአሸንዳ ላይ ግን ስም አይጻፍም። ለአሸንዳ ስጡ ብዬ የምጠይቃችሁ ይህን እያወቅኩ ነው። ዓመታዊ ሪፖርታችን ሲደርሳችሁ «ስንት ክፍል ሠራችሁ?» ከማለታችሁ በፊት «የሠራችሁት በምን ሁኔታ ላይ ነው?» ብላችሁ ጠይቁን። እናንተ ከጠየቃችሁ እኛ እንቆጥራለን። እኔ ወንበሩ ላይ በነበርኩበት ጊዜ ከላይ የሆነ ሰው ይህን አንድ ጥያቄ ቢጠይቀኝ ኖሮ መጋረጃው አይገዛም ነበር።

እማማን እስከ ዕለተ ሞታቸው በየበዓሉ እጠይቃቸው ነበር። ስለ ወለሉ ዳግመኛ አላነሡብኝም። በመጨረሻው ፋሲካ ግን ስወጣ እስከ በሩ በምርኩዛቸው ሸኝተውኝ አዲሱን ሽንት ቤት በምርኩዛቸው ጠቆሙና «ይህ እንኳ ጥሩ ተሠርቷል፤ ግን ልጄ፣ በሩ መዝጊያ የለውም» አሉኝ። ሄጄ አየሁት፣ እውነታቸውን ነው። በማግሥቱ መቀርቀሪያ አስገዛሁ። መቀርቀሪያውን ለማስገዛት በጀት አልጠየቅኩም፣ ኮሚቴም አልሰበሰብኩም።

ከምሳ በኋላ እጅ ስናወጣ የልጆቹን መጸዳጃ ወለል አስቡልኝ። ሥራ አመራር ኮሚቴውም ፈቃዱ ቢሆን በምሳ ሰዓት የፈለገች ሁሉ አብራኝ ሄዳ ትየው፤ ከዚህ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።